የሰርቪሱ ሰው

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከቃሉ እንጀምር። ሰርቪስ የሚባለው ቃል ከእንግሊዞቹ ዘንድ ሲነሣ ምን ይዞ እንደተነሣ እነሱ ይወቁት። እኛ አገር ከገባ በኋላ ግን ወልዶ ከብዶ፣ ቤት ሠርቶ፣ መኪና ገዝቶ ይኖራል። ጠዋት ሠራተኛ እየለቀመ የሚዞረው አውቶቡስ ሰርቪስ ነው። ከትልቁ ቤት ጀርባ ተሠርታ የምትከራየው ክፍል ሰርቪስ ናት። መኪና ዘይቷ ተቀይሮ ብሎኗ ሲጠብቅ ሰርቪስ ተደረገች ይባላል። ቡፌ ውስጥ ተደርድሮ አቧራ ከመጠጣት በቀር ሥራ የሌለው ባለ አበባ ሳህንና ስኒም፣ ባለቤቲቱን ብትጠይቋት፣ ሰርቪስ ነው።

መምህር በላቸው እንግዲህ በአንዱ ሰርቪስ ይኖራል፣ በሌላው ሰርቪስ ሥራ ይሄዳል። የደብረ ታቦር ልጅ ነው። መቐለ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረ ጀምሮ ከአንድ ግቢ ወጥቶ አያውቅም፤ ቀዳማይ ወያነ ከሚባለው ሰፈር፣ ከኣቦይ ገብረዝጊ ግቢ። ኣቦይ ገብረዝጊ ዕድሜያቸውን በጋራዥ የፈጁ መካኒክ ናቸው። ጡረታ ወጥተውም እጃቸው አርፎ አይቀመጥም፤ የጎረቤት ውሃ ፓምፕም ቢሆን ሲያስነጥስ ከሰሙ ቁልፋቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ግቢያቸው ሁለት በር አለው። በዋናው መንገድ በኩል ባለ ሁለት ተካፋች ትልቅ የብረት በር አለ፤ መኪናቸውን ከሸጡ ወዲህ ተካፋቹ ተከፍቶ ስለማያውቅ ማጠፊያው ዝጎ ድርቅ ብሏል፤ የቤቱ ሰው የሚገባው በላዩ ላይ በተቆረጠችው ትንሽ መዝጊያ ነው። ከጓሮ ደግሞ ወደ ቅያሱ የምታወጣ የቆርቆሮ በር አለች። እሷ የሰርቪሱ በር ናት፤ በላቸው በእሷ ይወጣል፣ በእሷ ይገባል።

የኣቦይ ገብረዝጊ ሚስት ኣደይ ኣበራሽ ናቸው። የዓጋመ ሰው ናቸው፤ ደጃቸውን የረገጠ ሳይበላ እንዲወጣ አይፈቅዱም። በላቸውን «ወደይ» ነው የሚሉት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ኣቦይ ግን ያን ሁሉ ዓመት «መምህር» ከማለት አላለፉም። አክብሮት ነው እንዳይባል ትንሽ ይጎረብጣል፣ ንቀት ነው እንዳይባል ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ነው የሚሉት። በላቸው ይህን ነገር ለመፍታት ብዙ ደክሟል።

የሚደክመውም በከንቱ አይደለም። ኣቦይ ገብረዝጊ ዳናይት የምትባል ልጅ አለቻቸው።

ዳናይት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት ታስተምራለች። ቁመቷ መዝጊያ ያህላል፣ ሳቋ ግቢ ይሞላል። በላቸው በተከራየ ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት የፈተና ወረቀት እያረመ ሳለ የክፍሉ ግድግዳ ጓ! አለ። ዝም አለ። ደግሞ ጓ! አለ። ሦስተኛው ጣሪያው ላይ ሲያርፍ የቆርቆሮው ጩኸት ብዕሩን ከእጁ አስጣለው። ቢወጣ ዳናይት የመረብ ኳስ ይዛ ቆማለች።

«ይቅርታ መምህር፤ ሰርቪስ እየተለማመድኩ ነው» አለችው።

«የኔን ሰርቪስ እያፈረስሽ?»

ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ኳሷ ግድግዳው ላይ ካላረፈች ማረም የማይሆንለት ሆነ፤ ተማሪዎቹ ውጤት ሲዘገይባቸው ምክንያቱን ቢያውቁ ኖሮ ኳስ ያዋጡላት ነበር።

ያ ክፉ ጊዜ ሲመጣ በላቸው ወደ አገሩ ሄደ። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ሞተ። ደብረ ታቦር ተቀምጦ በየቀኑ ይደውላል፤ በየቀኑ ያቺው የማትሰለች ሴትዮ በማሽን ድምፅ አይገኙም ትለዋለች። ሰላም ወርዶ ሲመለስ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ ሳያውቅ የጓሮውን በር አንኳኳ። ሁሉም ነበሩ። ኣደይ ኣበራሽ ክፍሉን ለተፈናቀለ ቤተሰብ ሰጥተው፣ መጻሕፍቱንና አንሶላውን ግን ጠቅልለው አልጋቸው ሥር አኑረውለታል። ቤተሰቡ ወደ ቀዬው ሲመለስ መልሰው ደርድረውለታል፤ እንግሊዝኛ ስለማያነቡ ግማሹ መጽሐፍ ተዘቅዝቋል። በላቸው እስከ ዛሬ አላቃናውም። ዳናይትን ያያት ጊዜ ያለቀሰውን ልቅሶ ግን አልተርክም፤ ወንድ ልጅ ነው፣ ነገም ማስተማር አለበት።

አንድ ማለዳ ታዲያ ለተማሪዎቹ «የታወቀ አንድ ተራ ቃል ውሰዱና ስንት ፊት እንዳለው ንገሩኝ» አላቸው። እነሱም ሰርቪስን መረጡ። አንዱ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ነው አለ፤ አንዷ የቴኒስ ምት ነው አለች። ሰላማዊ የሚባል ከኋላ ወንበር የማይጠፋ ነገረኛ ተነሣ።

«መምህር፣ ሰው የሚከራየው ሰርቪስ እኔ የያዝኩት መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም። እርስዎ ታዲያ የት ነው የሚኖሩት?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሳቁ ሲበርድ ከፊት የተቀመጠች ዝምተኛ ልጅ ቀስ ብላ እጇን አወጣች። «እኔ የማውቀው ያን ጊዜ ስልካችን ላይ የነበረውን ነው» አለች። «ኖ ሰርቪስ የሚለውን።»

መቐለ ውስጥ ይህን ቃል የማያውቅ አልነበረም። ሳቁን የመለሰው ያው ሰላማዊ ነው፤ «እናቴማ የስልኩ ስም መስሏት ነበር» ሲል ዝምተኛዋም ልጅ ሳይቀር ሳቀች። በላቸውም ሳቀ፣ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ሄዷል። ያን ሁሉ ጊዜ ልንገራት እያለ ሳይነግራት መንገድ የተዘጋበትን አስታወሰ። ሁለተኛ እንዲህ አልቀመጥም አለ። በዚያው ሳምንት ዳናይትን ጠየቃት፤ «እኔማ ከኳሱ ቀን ጀምሮ እየጠበቅኩህ ነው፣ የሚቀረው አባቴ ነው» አለችው።

የሚቀረው አባቷ ነው ማለት ቀላል ነው። ልጅ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው። የበላቸው ዘመዶች ደግሞ ሩቅ ናቸው፣ መንገዱም አይመችም። ለአባቱ ቢደውል «ሰው መሀል የሚኖር ሽማግሌ አያጣም፣ እዚያው ያሉህን ላክ» አሉት። እዚያው ያሉት እነማን ናቸው? የሰርቪሱ ሰዎች ናቸዋ! የአውቶቡሱን ማለቴ ነው። በየቀኑ አብሮ የሚሳፈር ሰው ከዘመድ ይልቃል፤ የማን ልጅ ጥርስ እንዳወጣ፣ የማን አማት እንደታመመች ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሳይደርስ ይታወቃል። ስለዚህ ከፊት ወንበር የማይነሡትን አንጋፋውን መምህር ተኽለን፣ ከወሎ መጥተው ቤተ መጻሕፍቱን የሚመሩትን ጋሽ ይማምን፣ ሦስተኛ ደግሞ ሾፌሩን ጎደፋን ለመነ። ሦስቱም ምራቃቸውን የዋጡ ናቸው። ይህን እወቁልኝ፤ የሚሆነውን ስትሰሙ ትጠራጠራላችሁና።

ዕለቱ እሑድ ነበር። ዳናይት ለአባቷ «ሰው ይመጣል» ብላ ነግራለች። ኣቦይ ገብረዝጊ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሳሎናቸው ውስጥ ፊታቸውን ወደ ትልቁ በር አዙረው ተቀምጠዋል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ደግሞ በቅያሱ በኩል ገብተው በበላቸው ክፍል ተሰብስበዋል። የሚያገባ ሰው ሽማግሌው አጠገብ አይገኝምና በላቸው ራቅ ብሎ ጁስ ቤት ስፕሪስ አዝዞ ተቀምጧል፤ አቮካዶውና ማንጎው ተቀላቅሎ እስኪጠቁር ድረስ አልነካውም።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ የፈላው። ኣደይ ኣበራሽ ሽማግሌ እንደሚመጣ ያውቃሉ። በልባቸው የሚጠብቁት ግን ጋቢ ለብሶ፣ ከጎንደር በኩል መጥቶ፣ ትልቁን በር የሚያንኳኳ የማያውቁትን ሰው ነው። ጎደፋንና ጋሽ ይማምን መምህር ተኽለንም አሳምረው ያውቋቸዋል፤ የበላቸው ወዳጆች ናቸው፣ ሁልጊዜ ይመጣሉ። በጓሮ መስኮት አዩአቸውና «ዋእ! ወደይ እንግዶች መጥተውበት እሱ የት ሄደ?» ብለው ልማዳቸውን አደረጉ፤ ጥሕሎ ይዘው ከች አሉ። የገብስ ገንፎው በትናንሹ ተድቦልቡሎ ዙሪያውን፣ ቀዩ ወጥ ከመሀል። ጋሽ ይማም ሙስሊም ስለሆኑ እሳቸው ባሉበት ቀን ወጡ ሥጋ የለበትም፣ ለእሳቸውም ከስዋው፣ ከትግራዩ ጠላ፣ ይልቅ ብርዝ ይቀርባል። ሴትዮዋ እንዲህ ናቸው።

«የለም ኣደይ፣ ዛሬስ አንበላም» አሉ መምህር ተኽለ።

«እንታይ ኮይንኩም? ታማችኋል?»

ሦስቱ ተያዩ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ የልጅቷን ቤት እህል አይቀምስም፣ ይህ የታወቀ ነው። የመጡበትንም ለእናቲቱ ጓዳ ለጓዳ ማውራት ነውር ነው። ጎደፋ ዐይኑ ከወጡ ላይ አልነቀል አለ። በመጨረሻ መፍትሔው የተገኘው ከእሱ ነው፤ ኣደይ ወጣ ሲሉ «ይህ እኮ የልጁ ቤት ነው» አለ። «ተከራይቶታል። በወንዱ ቤት የበላ ሽማግሌ ሞልቷል።» መምህር ተኽለ ቆም ብለው አሰቡበት፤ ልክ መሰላቸው። ጋሽ ይማምም «ኪራይ ከከፈለ ቤቱ ነው» አሉ። ሦስቱም ሹል እንጨታቸውን አነሡ። ጥሕሎው ተወግቶ እየተነከረ አለቀ፤ ስዋውም ተደገመ።

ሆድ ከሞላ በኋላ ደግሞ ልብ ይሞላል። በቅያሱ ወጥተው፣ ዞረው፣ ትልቁን በር ማንኳኳት ሲገባቸው ጎደፋ «እዚሁ ግቢ ለግቢ ብንሻገርስ፣ ዙሪያ ጥምጥም ምን ያደርጋል?» አለ። ሾፌር አቋራጭ ይወዳል። ግቢውን አቋርጠው በጓዳ በር ገቡ። ትልቁን በር አፍጥጠው የሚጠብቁት ኣቦይ ገብረዝጊ ጀርባቸው ላይ ሦስት ሽማግሌዎች «ኧህም» ሲሉ ሰምተው ከመቀመጫቸው ዘለው ተነሡ።

«ከየት ነው የመጣችሁት?»

«ጉዳይ አለን» አሉ መምህር ተኽለ ቆመው፣ ድምፃቸውን አሳምረው። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ለልጃችን ልጅዎን ስጡን ብለን ነው።»

ኣቦይ አላዩአቸውም። የሚያዩት የጎደፋን ነጠላ ነበር። ለክብሩ ብሎ ያጣፋት፣ እንደ ወተት የነጣች ነጠላ ናት፤ ደረቷ ላይ ቀይ የጥሕሎ ወጥ ወርዶባታል። በዚያው ቅጽበት ኣደይ ኣበራሽ ባዶውን ሳህን ይዘው ከጓሮ ገቡ። የቆሙትን ሲያዩ፣ የባላቸውን ፊት ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። «ወይ ኣነ!» ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ይህች የኣበራሽ ወጥ ናት» አሉ ኣቦይ በእርጋታ። «ሐቁን እንነጋገር። የቤቴን እህል በልታችሁ፣ ያውም በየዕለት ሳህናችን፣ በጓዳዬ በር ገብታችሁ ልጄን ትጠይቁኛላችሁ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አላለም የልጃችሁ አገር ሰው?»

«ኸረ እኛ በልጁ ቤት...» ሊል ጀመረ ጎደፋ።

«የልጁ ቤት የኔ ጓሮ ነው። እናንተ የቤት ሰው ናችሁ፤ የቤት ሰው ሽማግሌ አይሆንም። እሱም የቤት ልጅ ነው፤ ኣበራሽ ወደይ ትለዋለች። ለቤት ልጅ ልጄን አልድርም። ከደጅ የሚመጣ ሰው ካለ፣ በሬን ያውቀዋል።» ይህን ብለው ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አንጠለጠሉ። ሦስቱ ሽማግሌዎች የወጡት በየት እንደሆነ አንዳቸውም ኋላ ማስታወስ አልቻሉም።

ጁስ ቤት ሲደርሱ ፊታቸው ወሬውን ቀድሞ ነገረው። በላቸው እስኪጨርሱ ሰማ። ጎደፋ ነጠላውን እያጠፈ እየዘረጋ «እኔ ነኝ የገደልኩህ፣ ሆዴ ነው» ሲል አጽናናው እንጂ አልተቆጣውም። ልቡ ግን ወደቀ። ሽማግሌ የላከ ሰው እምቢ ከተባለ በዚያ ግቢ እንዴት ይኖራል? ነገ ጠዋት ከኣቦይ ጋር ፊት ለፊት ቢገናኝ ምን ይላል?

ማታውን ዳናይት ደወለች። «አባቴን አውቀዋለሁ» አለችው። «እምቢ ማለት ሲፈልግ እምቢ ይላል፣ አያዞርም። ከደጅ ይምጣ ካለ ከደጅ ና ማለቱ ነው።»

«ወጥቼ ሌላ ቤት ልከራይ? ከወጣሁ በኋላ እምቢ ቢሉኝስ? ክፍሉንም አንቺንም አጣለሁ እኮ።»

«ኳስ ሳትለቅ ሰርቪስ የለም» አለችው።

ለቀቀ። ሰሜን በሚባለው ሰፈር፣ ወደ ውቕሮ መውጫው አካባቢ፣ ከአንድ ብሎኬት ማምረቻ ጎን አንዲት ክፍል አገኘ። ዕቃውን የጫነለት ባጃጅ ነው። ኣደይ ኣበራሽ ወጥተው ማየት አልቻሉም፤ ጓዳቸው ገብተው አለቀሱ። የሚገርመው ኣቦይ ገብረዝጊ መውጣታቸው ነው። ምንም ሳይናገሩ ፍራሹን የጠፈረበትን ገመድ አዩና ፈትተው እንደገና አሰሩት፣ መካኒክ እንደሚያስረው አድርገው። «በል መምህር» አሉት። ያቺው ቃል ናት። በላቸው ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ የተዘቀዘቁትን መጻሕፍት አቅፎ ሄደ፤ እንደዚያን ቀን የከፋው ቀን ከመንገዱ መዘጋት ወዲህ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ኩርፊያ ሆነ። ኣደይ ኣበራሽ ባላቸውን እህል አልነፈጉም፣ ቃል ግን ነፈጉ። ሳህኑን አስቀምጠው ይሄዳሉ። አውቶቡሱ ጠዋት ጠዋት በቀዳማይ ወያነ ሲያልፍ የበላቸው ወንበር ባዶ ነው፤ ሰሜን ሲደርስ ይሳፈርና ሰው ሁሉ እንደ ለቀስተኛ ያየዋል። መምህር ተኽለ የኣቦይን ንግግር አንድ በአንድ ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰነበቱና አንድ ጠዋት ተነሥተው «ደግመን እንሄዳለን» አሉ። «ከሰሜን ተነሥተን፣ ጾማችንን፣ በደጅ!» አውቶቡሱ አጨበጨበ። ለሠርግና ለልቅሶ መኪናው በፈቃድ ይሰጣልና ጎደፋ ማመልከቻ አስገባ፤ የኃላፊው ሚስት በዚያው ሰርቪስ የምትሳፈር ስለነበረች ፈቃዱ ቶሎ ወጣ።

በላቸው ግን አልረጋም። እሑድ ሊነጋ ሲል ሁሉ ነገር ይቅር ሊል ስልኩን አንሥቶ ነበር፤ ዳናይት ቀደመችው።

«አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትስቅ» አለች። «አባቴ ከትናንት ጀምሮ ትልቁ በር ሥር ተቀምጧል። ማጠፊያውን ፈትቶ፣ ዝገቱን ፍቆ፣ ግራሶ እየቀባ ነው። ምን እያደረግክ ነው ብዬ ብጠይቀው ‹ሰርቪስ እያደረግኩት ነው፣ ምን ትጠይቂኛለሽ› አለኝ። እናቴም ሰምታ ሄዳ ቡፌውን ከፈተች። እኔ ከተወለድኩ ያ ቡፌ ሲከፈት አይቼ አላውቅም!»

በላቸው ስልኩን እንደያዘ አልጋው ላይ ዘሎ ቆመ። ብሎኬት ማምረቻው እሑድ ስለሚዘጋ ዝላዩን ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

የዚያን ቀን ሽማግሌዎቹን ብታዩአቸው! ሦስት ብቻም አልነበሩም፤ አውቶቡሱ ሙሉውን መጥቷል፣ ሴቶቹ እልልታ አፋቸው ውስጥ አፍነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል የቀመሰ የለም። ጎደፋ አዲስ ነጠላ ለብሶ፣ መንገድ ዳር የሚሸጠው ሕምባሻ እንዳይሸተው መስኮቱን ዘግቷል፤ ጋሽ ይማም ማስቲካ ሲያኝክ ያገኙትን ወጣት አስተማሪ አስተፍተውታል። አውቶቡሱ መንገዱ ዳር ቆመ። ሦስቱ ወርደው ትልቁን በር አንኳኩ።

በሩ ሳይጮኽ ተከፈተ። ሁለቱም ተካፋች። ኣቦይ ገብረዝጊ ኮታቸውን ለብሰው መሀሉ ላይ ቆመዋል፣ ጥፍራቸው ላይ ግራሶ አለ።

«እንቋዕ ብደሓን መጻእኩም። ከየት ነው እንግዶቹ?»

«ከሰሜን» አሉ መምህር ተኽለ። «ከመምህር በላቸው ቤት። ጉዳይ አለን፣ ሳይሰማም አንቀመጥም።»

«እህል ቀምሳችኋል?»

«ውሃም!» አለ ጎደፋ፤ ድምፁ ሊያለቅስ የቀረበ ነበር።

ኣቦይ ፈገግ አሉ። ጉዳዩን ቆመው ሰሙ፣ ዘመድ ላማክር ብለው ቀጠሮ ሊሰጡም ይችሉ ነበር፤ እንዲያ ነው ልማዱ። ግን ያን ሁሉ የራበው አውቶቡስ አዩና «ሰጥቻለሁ» አሉ። የታፈነው እልልታ ያኔ ፈነዳ፤ ቀዳማይ ወያነ በሙሉ በመስኮት ብቅ አለ።

በላቸው ከሩቅ ጁስ ቤት ተቀምጦ ነበር። ዳናይት ደውላ «ና!» ከማለቷ ስፕሪሱን ጥሎ ሮጠ። ሲሮጥ አእምሮው አልነበረም፣ እግሩ ብቻ ነበር፤ እግሩም የሚያውቀውን መንገድ ያዘ። ቅያሱን ታጥፎ፣ የቆርቆሮዋን በር ገፋ። አልተከፈተችም። ደግሞ ገፋ። ሲያያት ዙሪያዋን በብረት ተጠርቅማ ተበይዳለች፣ ብየዳው ገና ያብረቀርቃል። ተዘግቶብኛል ማለት ነው? አለ። ከዚያ ከግቢው ማዶ እልልታውን ሰማ። ዞሮ ሮጠ።

ትልቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰው ሁሉ መግቢያው ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ዳናይት ከኋላ ከሁሉም ቁመት በላይ ትታያለች።

«የት ነበርክ?» አሉ ኣቦይ ገብረዝጊ።

«በ... በወዲያ በር...» እያለከለከ።

ሳቁ አገር አናወጠ። ኣቦይም ሳቁ፤ ከዚያ ትከሻውን ያዙት፣ ግራሶው ሸሚዙ ላይ ታተመ።

«ስማ። ዳናይት የኔ ልጅ ናት፣ ለማንም ብሰጣት ስሟን የሚነካ የለም። አንተ ግን አገርህ ሩቅ ነው፣ የሚሟገትልህ ዘመድ እዚህ የለህም። ነገ አንድ የማያውቅ ሰው ለልጆችህ ‹አባታችሁ በጓሮ በር ገብቶ ነው ያገባው› እንዲላቸው አልፈልግም። ያቺን በር የበየድኳት ለዚህ ነው።» እጃቸውን ወደ ተከፈተው በር ዘረጉ። «ግባ ወደይ።»

ወደይ አሉት። ኣቦይ ገብረዝጊ ናቸው ያሉት። በላቸው የስንት ዓመት ጥያቄው ሲመለስለት ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ወደ ላይ ሳቡትና በትልቁ በር አስገቡት።

ሳሎን ባለ አበባው ሳህን ተደርድሮ ነበር። ኣደይ ኣበራሽ እያለቀሱም እየሳቁም ጥሕሎውን አቀረቡ፤ ለባላቸውም ከዚያ ሁሉ ኩርፊያ በኋላ «በል ብላ» አሏቸው። ጎደፋ ግን ሹል እንጨቱን ይዞ ኣቦይን ያያል።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉት ኣቦይ። «ብላ እንጂ፤ ዛሬ እንግዳ ነህ።»

ጎደፋ ነጠላውን አወለቀ፣ አጥፎ ወንበሩ ላይ አኖራት፣ ከዚያም በላ።